ከአንድ ውድ ወርዋሪ በፊት የኢኒንግ ሒሳብ ይሠራ

ይድረስ ለጋዜጣው የስፖርት አምድ አዘጋጆች፤

የአሜሪካ ቤዝቦል የውድድር ዘመን ተጠናቆ የዝውውሩ ወራት በገባ ቁጥር አንድ ምክር ሲደጋገም እናያለን። ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) ያጠረው ቡድን ገበያው ላይ ያለውን ምርጥ ስታርተር (ጨዋታውን የሚጀምር ወርዋሪ) በረጅም ውል ያስፈርም፣ ችግሩም ያኔ ይፈታል የሚል ነው። ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወይም ለኒውዮርክ ያንኪስ ይህ ያዋጣ ይሆናል፤ አንድ ውል ቢከሽፍባቸው ሌላ የሚፈርሙበት ገንዘብ አላቸው። ገቢው መካከለኛ ለሆነ ቡድን ግን ምክሩ አደገኛ ነው እንላለን፤ እንዲህ የምንልበትን ምክንያት በቁጥር እናሳይ።

አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው። አንዱን ጨዋታ በዘጠኝ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት የጨዋታ ክፍል) ካሰብነው በድምሩ 1,458 ኢኒንግ የሚወረውር ሰው ያስፈልገዋል። ስታርተሮቹ በአማካይ አምስት ኢኒንግ ከሩብ ቢቆዩ 850 ያህሉ የእነሱ ድርሻ ነው፤ የተረፈው የሪሊቨሮች፣ ማለትም ስታርተሩን የሚተኩ ወርዋሪዎች ነው። አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 170 ቢወረውሩ ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይዘጋል፤ ሜዳ ላይ ግን አይዘጋም። በኢ.አር.ኤ. (ወርዋሪው በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ የሚያስቆጥርበት ነጥብ) ደረጃ ውስጥ ለመግባት የሚጠየቀው 162 ኢኒንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከሠላሳው ቡድኖች እዚህ የደረሱት ወርዋሪዎች ቢከፋፈሉ ለአንድ ቡድን ሁለት ሰው እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ተጫዋች የሚያስፈርመው ጄኔራል ማናጀር በኖቬምበር ወረቀቱን ሲዘረጋ አምስት ስም ሳይሆን ስምንት ወይም ዘጠኝ ስም መጻፍ አለበት። ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት ሰዎች ዕቃ ቤት እንደተቀመጠ መለዋወጫ የሚታዩ አይደሉም፤ ከዓመቱ ጨዋታ ሩቡን ሊጀምሩ የሚችሉ ናቸው።

አሁን ወደ ትልቁ ውል እንምጣ። ዋሽንግተን ናሽናልስ በዲሴምበር 2019 ስቲቨን ስትራስበርግን ለሰባት ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ፤ ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። ቴክሳስ ሬንጀርስ ጄኮብ ዲግሮምን ለአምስት ዓመት በ185 ሚሊዮን ወሰደ፤ በ2023 ስድስት ጨዋታ ጀምሮ ክርኑ ተቀደደ። አሪዞና ዳይመንድባክስ ኮርቢን በርንስን ለስድስት ዓመት በ210 ሚሊዮን አስፈርሞ በመጀመሪያው ዓመት ጁን ላይ ወርዋሪው ለቶሚ ጆን (የክርን ጅማት) ቀዶ ሕክምና ገባ። የተሳካም አለ፤ ፊላደልፊያ ፊሊስ ዛክ ዊለርን በ118 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት ሲወስድ ከዋጋው በላይ አግኝቷል። ክርክራችን ምርጥ ወርዋሪ አይጠቅምም የሚል አይደለም። የክርን ውስጠኛው ጅማት መቼ እንደሚቀደድ ማንም አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ ከተቀደደ ደግሞ የሚመለሰው ከ12 እስከ 18 ወር ቆይቶ ነው። የዓመቱን ገንዘብ በሙሉ በአንድ ክርን ላይ ያስቀመጠ ቡድን ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ እጁን ይቀመጣል።

ተቃራኒውን መንገድ ካንሳስ ሲቲ ሮያልስ አሳይቷል። በ2023 ቡድኑ 106 ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ውሉ ሊያልቅ የነበረውን ሪሊቨር አሮልዲስ ቻፕማንን ሰጥቶ ከሬንጀርስ ኮል ሬገንስን አመጣ። በዝውውሩ ወራት ደግሞ ሴት ሉጎን ለሦስት ዓመት በ45 ሚሊዮን፣ ማይክል ዋካን ለሁለት ዓመት በ32 ሚሊዮን አስፈረመ። ሁለቱ ተደምረው ስትራስበርግ ብቻውን ካገኘው አንድ ሦስተኛ አይሞሉም። በ2024 ሉጎ 206 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ወርውሮ በአሜሪካን ሊግ የሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት) ድምፅ ከታሪክ ስኩባል ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ሬገንስ፣ ሉጎ፣ ዋካ፣ ብሬዲ ሲንገርና አሌክ ማርሽ አብዛኛውን የዓመቱን ጨዋታ ለአምስት ተካፍለው ጀመሩ፤ ቡድኑ 86 አሸንፎ ጥሎ ማለፍ ገባ። ዓመቱን ሙሉ አምስት ሰው ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ የዕድል ድርሻ እንዳለበት አንክድም። ነገር ግን ዕድል ሊረዳ የሚችለው ለዕድል ቦታ የተወ ቡድንን ነው።

ለመካከለኛ ቡድን የሚሆነው ሰው በገበያው ላይ እንዴት ይለያል? ያለፈውን ዓመት ኢ.አር.ኤ. ብቻ ማየት ያሳስታል፤ ከጀርባው በቆሙት ተከላካዮችና በዕድል ይወዛወዛልና። ከመቺዎቹ ስንት በመቶውን በስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ) እንዳስወጣ፣ ስንት በመቶውን በዎክ (ከዒላማው ውጭ በወጡ አራት ኳሶች) ወደ መጀመሪያው ቤዝ እንዳስገባ ይታይና ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀነስ። ውጤቱ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ሰውዬው ጥሩ ስታርተር ነው፤ ከ10 በታች ከሆነ ኢ.አር.ኤ.ው ቢያምርም መጠንቀቅ ይበጃል። ቀጥሎ የፋስትቦሉ (የፈጣን ኳሱ) ፍጥነት በየወሩ ይታይ፤ የስታትካስት (የሊጉ የኳስ መለኪያ ሥርዓት) መረጃ ለማንም ክፍት ነው። በኤፕሪል 95 ማይል በሰዓት የነበረው በሴፕቴምበር 93 ከሆነ፣ ኳሱን የሚለቅበት ቁመትም አብሮ ከወረደ፣ ትከሻው እየደከመ ሊሆን ስለሚችል ከፊርማ በፊት የትከሻና የክርን ኤም.አር.አይ. በቡድኑ ሐኪም መነበብ አለበት። በእኛ ግምት የክርን ታሪክ ያለበት ወርዋሪ ከትከሻ ታሪክ ያለበት ይሻላል። ክርን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመለስበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ትከሻ ግን ፍጥነቱን እንደያዘ የሚመልሰው ጥቂት ሰው ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የደንብ ጉዳይም አለ። ቡድኑ ውሉ ያለቀ ተጫዋቹን "ኳሊፋይንግ ኦፈር" በሚባለው የአንድ ዓመት ክፍያ (ለ2025 የውድድር ዘመን 21.05 ሚሊዮን ዶላር ነበር) ሊጠይቀው ይችላል። ተጫዋቹ እምቢ ብሎ ሌላ ቡድን ከፈረመ አስፈራሚው ከወጣቶች ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) አንድ ምርጫ ያጣል፤ የቅንጦት ግብር (የተጫዋቾች ክፍያ ድምር ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ የሚከፈል) ከፋይ ከሆነ ሁለት ምርጫ ይወሰድበታል። ነገር ግን ጥያቄው ሊቀርብለት የሚችለው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቡድን ለቆየና ከዚህ በፊት ላልተጠየቀ ተጫዋች ብቻ ነው። ስለዚህ በጁላይ ተለውጦ የሄደ ወርዋሪ በኖቬምበር ከዚህ ሸክም ነፃ ነው። ጃክ ፍላሄርቲ በ2024 ከዲትሮይት ታይገርስ ወደ ዶጀርስ ተለውጦ ዋንጫ ካነሳ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2025 ለሁለት ዓመት በ35 ሚሊዮን ወደ ዲትሮይት ሲመለስ ቡድኑ አንድም የድራፍት ምርጫ አልከፈለም። መካከለኛ ቡድን ዝርዝሩን ከእንዲህ ያሉ ሰዎች መጀመር አለበት።

ግብሩንም በአማካይ ዓመታዊ ክፍያ እናስላው። በ2025 ጣሪያው 241 ሚሊዮን ነበር። 235 ላይ ያለ ቡድን በዓመት 25 ሚሊዮን የሚያገኝ ወርዋሪ ቢጨምር 260 ይደርሳል፤ ከጣሪያው በላይ 19 ሚሊዮን ነው። ጣሪያውን ሲያልፍ የመጀመሪያ ጊዜው ከሆነ 20 በመቶ፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ይከፍላል። በተከታታይ ሦስተኛ ዓመቱ ከሆነ ግን 50 በመቶ፣ ማለትም 9.5 ሚሊዮን። ለ25 ሚሊዮኑ ሰው 34.5 ሚሊዮን መክፈል ማለት ነው።

ከጃፓን ማምጣትም የራሱ ስሌት አለው። ለጃፓኑ ቡድን የሚከፈለው ከውሉ የመጀመሪያ 25 ሚሊዮን ላይ 20 በመቶ፣ ከቀጣዩ 25 ሚሊዮን ላይ 17.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው 15 በመቶ ነው። ዶጀርስ ለዮሺኖቡ ያማሞቶ በገባው የ325 ሚሊዮን ውል ላይ ይህ ሲደመር 50.6 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ለመካከለኛ ቡድን የሚቀርበው ኒውዮርክ ሜትስ ለኮዳይ ሴንጋ የከፈለው ዓይነት፣ አምስት ዓመት በ75 ሚሊዮን ነው። እዚያ ስታርተር የሚወረውረው በሳምንት አንዴ ነው፤ እዚህ በየአምስተኛው ወይም በየስድስተኛው ቀን። ቡድኑ ስድስተኛ ስታርተር ሳያዘጋጅ ካስፈረመው ሰውዬው በጁላይ ይደክማል።

በልውውጥ ማምጣት ሲታሰብ ዋናው ጥያቄ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ነው። ባልቲሞር ኦሪዮልስ በ2024 መጀመሪያ በርንስን ከሚልዋኪ ሲያመጣ ጆይ ኦርቲዝን፣ ዲኤል ሆልንና አንድ የድራፍት ምርጫ ሰጥቶ ያገኘው አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ቦስተን ሬድ ሶክስ ደግሞ ጋሬት ክሮሼን ለማግኘት አራት ወጣቶች ሰጠ፤ ክሮሼ ግን ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ስለነበር ቡድኑ በጥቂት ወራት ውስጥ በስድስት ዓመት የ170 ሚሊዮን ውል አሰረው። ብዙ ወጣት ሰጥቶ ረጅም ጊዜ ማግኘት ጥቂት ሰጥቶ አንድ ዓመት ከማግኘት ይሻላል ብለን እንከራከራለን፤ አንድ ዓመት የሚበቃው ዋንጫው ደጁ ለደረሰ ቡድን ነው።

በርካሽ የሚገኘውና በጣም የምንወደው መንገድ ሪሊቨርን ስታርተር ማድረግ ነው። ሉጎ ለዓመታት በሜትስ ሪሊቨር ነበር። ሬይናልዶ ሎፔዝ በአትላንታ ብሬቭስ በ2024 ወደ ስታርተርነት ተመልሶ ኢ.አር.ኤ.ው 1.99 ሆነ። ለዚህ የሚመረጠው ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሦስተኛ የውርወራ ዓይነት ነው። ፋስትቦልና ስዊፐር (ወደ ጎን የሚታጠፍ ኳስ) ብቻ ያለው ቀኝ ወርዋሪ ቀኝ መቺዎችን ያሸንፋል፤ ግራ መቺዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ኳሱን ያነቡታል። ቼንጅአፕ ወይም ስፕሊተር (ፋስትቦል መስለው ዘግየት ብለው የሚወርዱ ኳሶች) ካልጨመረ አራተኛውን ኢኒንግ አያልፍም። አያያዙን መማር የሚጀመረው በኖቬምበር ነው፤ በፈጣን ካሜራና በራፕሶዶ መሣሪያ ኳሱ ከጣቱ እንዴት እንደሚወጣና ስንት ኢንች እንደሚወርድ እየታየ። በማርች የሚጀመር አዲስ ኳስ ጨዋታ ላይ ቁጥጥር አይኖረውም።

ሁለተኛው ብዛቱን ቀስ ብሎ ማሳደግ ነው። በስልጠናው ካምፕ የመጀመሪያ ጨዋታው ሁለት ኢኒንግ፣ 30 ኳስ ይሁን። ከዚያ በየአምስተኛው ቀን 15 ኳስ ይጨመር፦ 45፣ 60፣ 75፣ 90። ለዚህ አምስት ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ካምፑ ያለው ስድስት ሳምንት ገደማ ስለሆነ አንድ ቀን ቢያመልጠው መያዣ አለው፤ ሁለት ካመለጠው ሳይዘጋጅ ይገባል። ጆርዳን መንትገመሪ በ2024 ውል የፈረመው ማርች መጨረሻ ላይ ነበር፤ ይህን ዝግጅት ከቡድን ጋር ሳያደርግ ጀምሮ ኢ.አር.ኤ.ው 6.23 ሆነ። ዋጋ እስኪረክስ የሚጠብቅ ቡድን ይህን ማስላት አለበት። በዓመቱ ውስጥም 65 ኢኒንግ ሲወረውር የኖረን ክንድ በአንድ ጊዜ 180 ማስወርወር አይገባም። ቺካጎ ኋይት ሶክስ ክሮሼን በ2024 ስታርተር ሲያደርገው ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ በየጨዋታው አራት ኢኒንግ ገደማ ላይ ያቆመው ነበር፤ 146 ላይ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት በቦስተን ከ200 በላይ ወረወረ። የሎፔዝ ትከሻ ግን በ2025 ከአንድ ጨዋታ በኋላ ለቀዶ ሕክምና በቃ፤ መንገዱ ርካሽ ነው እንጂ ከአደጋ ነፃ አይደለም።

ከቀዶ ሕክምና በማገገም ላይ ያለን ወርዋሪ በሁለት ዓመት ውል መያዝም አለ፤ አንዱ ዓመት ለማገገም፣ ሁለተኛው ለጨዋታ። ታምፓ ቤይ ሬይስ በ2017 ኔታን ኢቫልዲን በ2 ሚሊዮን፣ ለ2018 ሌላ 2 ሚሊዮን አማራጭ ጨምሮ ያዘው። በ2018 ወደ ቦስተን ሲለውጠው ወጣት ወርዋሪ አገኘበት፤ ኢቫልዲም በዚያው ዓመት ዋንጫ አነሳ። እንዲህ ያለ አንድ ሰው በየዓመቱ መያዝ ለማንኛውም ቡድን አይከብድም።

ስምንተኛውና ዘጠነኛው ሰው ወደ ማይነር ሊግ (ታችኛው ሊግ) የሚላክበት "ኦፕሽን" ያልጨረሰ መሆን አለበት። ኦፕሽኑን የጨረሰ ወርዋሪ ለሌሎች ቡድኖች ክፍት ሳይደረግ ወደ ታች አይላክም፤ ሌላ ቡድን ሊወስደው ይችላል። በዋናው ስም ዝርዝር ላይ መያዝ የሚቻለው 13 ወርዋሪ ብቻ ስለሆነ ተጠባባቂን እዚያ ማስቀመጥ ከሪሊቨሮች አንዱን ማሳጣት ነው።

የዝውውር ዜና ስታትሙ አንድ ነገር እንጠይቃለን። ከውሉ ገንዘብ ጎን ወርዋሪው ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የወረወረውን ኢኒንግ፣ በጉዳት ዝርዝር ላይ የቆየበትን ቀንና ኳሊፋይንግ ኦፈር የተያያዘበት መሆን አለመሆኑን ብትጨምሩልን አንባቢው ውሉን ራሱ መመዘን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአምዱ ተከታታይ አንባቢዎች