ጉዳዩ፦ "ከፊል አውቶማቲክ" ተብሎ ስለተሸጠልን ኦቦ

ለሙዚቃ መሣሪያ አስመጪ ድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት

ጤና ይስጥልኝ።

ለተማሪዬ ከእናንተ የተገዛው ኦቦ (የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ) ማስታወቂያው ላይም ደረሰኙ ላይም "ከፊል አውቶማቲክ የኦክታቭ ቁልፍ ያለው" ይላል። የኦክታቭ ቁልፍ ኖታውን ወደ ላይኛው የድምፅ እርከን የሚያወጣው ነው። መሣሪያው ቁልፎቹ አሉት፤ ከፊል አውቶማቲክ ግን አይደሉም። ስደውል ባለሙያችሁ "የኦቦ ኦክታቭ መቼም እንከን አያጣውም፣ ልጅቷ ስትለማመድ ትለምደዋለች" አሉኝ። ያንገበገበኝ ይህ መልስ ነው።

እንከን እንዳለውማ አውቃለሁ። እንደ ልብ ይሠራ ቢባል ለላይኛው ኦክታቭ እያንዳንዱ ኖታ የራሱን ቀዳዳ በራሱ ቦታ ይፈልግ ነበር። ያን ሁሉ ቁልፍ የሚችል ጣት የለም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ያብቃቃሉ። አንዱ ቀዳዳ በአውራ ጣት ይከፈትና ከሚ እስከ ሶል ሻርፕ ያሉትን ይይዛል። ሁለተኛው በግራ ሌባ ጣት ጎን ይከፈትና ከላ እስከ ዶ ያሉትን ያወጣል። አንዱ ለአምስት ኖታ ሲሠራ ለሁሉም እኩል አይመችም። ጠባብ ስለሆነም ውሃ ይቋጥራል፤ የሲጋራ ወረቀት ፓዱ (የቀዳዳው መክደኛ) ሥር አስገብቶ ማድረቅ የሁላችንም ልማድ ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም።

የእናንተ ግን ሌላ ነው። በከፊል አውቶማቲክ ኦቦ ላይ አውራ ጣት ሳይነሳ የጎኑን ቁልፍ ስትጫኑ የመጀመሪያው ቀዳዳ በራሱ ይዘጋል። ይህን የምታደርገው ሁለቱን ቁልፎች የምታገናኝ ትንሽ ብረት ናት። በዚህኛው ላይ ብረቷ የለችም። ወልቃ እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያውኑ አልተሠራችም፣ የብሎን ቦታ እንኳ አልተተወላትም። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑና ፓዶቹን እዩአቸው። ሁለቱም ክፍት ናቸው። ላ ቢነፋ ድምፁ ይዋዥቃል።

ተማሪዬ ከሶል ወደ ላ ሳትቆርጥ ለመሄድ የቀለበት ጣቷን ታነሳለች፣ አውራ ጣቷን ትለቃለች፣ ሌባ ጣቷን ወደ ጎን ታዞራለች። ሦስቱም እኩል መግጠም አለባቸው። ቅንጣት ከዘገየች ድምፁ ይሰነጠቃል። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጆሮዋም ንጹህ ነው፤ አሁን ግን "እኔ ነኝ የማልችለው" ማለት ጀምራለች። ይህን ስሰማ አንጀቴ ነው ያረረው።

ያለዚህች ብረት የሚሠሩ ኦቦዎች መኖራቸው ነውር አይደለም። ነገር ግን በስማቸውና በዋጋቸው ይሸጡ። ሙሉ አውቶማቲክ ስጡን አላልንም፤ እሱም ቀዳዳውን ራሱ ስለሚመርጥ አንዳንድ አማራጭ የጣት አያያዞችን ይከለክላል፣ ማስተካከያውም ብዙ ነው። የከፈልንበትን ነው የጠየቅነው።

ስለዚህ መሣሪያው ደረሰኙ ላይ በተጻፈው ዓይነት ይቀየርልን፣ ካልሆነም የልጅቷ ቤተሰብ የከፈለው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ማስታወቂያውንም አስተካክሉ፣ ሌላ ወላጅ እንዳይገዛው። ለመመርመር ከፈለጋችሁ ኦቦውን ይዤ እመጣለሁ፤ እባካችሁ የሚነፋ ሰው ይኑር። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የተማሪዋ የኦቦ መምህር