ስለ ትኬታችን ዋጋ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የትኬት ዋጋችን ከ100 ብር ወደ 150 ብር ከፍ ማለቱና በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ማየት መቅረቱ ብዙዎቻችሁን እንዳስቀየመ እናውቃለን። ቅር ላላችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዋጋው ግን ባለበት ይቀጥላል። ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት በር ላይ ቆሞ ማስረዳት አይመችም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፍላችሁ።

ከሰማናቸው ሁሉ አንዷ ቃል እስካሁን ከልቤ አልወጣችም። ከከፈትን ጀምሮ የምናውቃቸው አንድ አባት ትኬት ቆራጫችንን «እናንተም እንደ ሌላው ነጋዴ ሆናችሁ?» አሏት። እሳቸውን አክብሬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ልመልስላቸው። ጋሼ፣ አልሆንንም።

በሁለቱ ፊልም ልጀምር፤ የበዛው ቅሬታ እሱ ላይ ነውና። ልማዱ የመጣው ከቪዲዮ ቤት ነው። እኔም ፊልም የለመድኩት እዚያ ነው። አንድ ብር ይዘን እንገባለን፣ አግዳሚ ላይ ተጣበን እንቀመጣለን፣ የህንዱን ጨርሰን የካራቴውን እንቀጥላለን። ውጡ የሚለን አልነበረም። እንዲያ ሊሆን የቻለው ካሴቱ አንዴ ከተገለበጠ በኋላ መቶ ጊዜ ቢታይም ለቪዲዮ ቤቱ አዲስ ወጪ ስለሌለው ነው። ፊልሙን የሠራው ሰው አምስት ሳንቲም አያገኝም ነበር።

አሁን እንደዚያ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወጣቶች በቪዲዮ ካሜራ የአማርኛ ፊልም መሥራት ጀመሩ። ያ ትልቁ የ35 ሚሊ ሜትር የፊልም ማሳያ ማሽን ሳያስፈልግ በፕሮጀክተር ማሳየት ተቻለ። እንደኛ ያለ ትንሽ ቤት ሊከፈት የቻለው በእነሱ ነው። ታዲያ ከእያንዳንዷ ትኬት ለፊልሙ ባለቤት ድርሻ ይሄዳል። ሁለት ፊልም ስታዩ ሁለት ባለቤት አለ። የሁለተኛውን እስከ ዛሬ ስንሸፍን የነበረው ከራሳችን ድርሻ ነው። ይህን ለማንም ነግረን አናውቅም፤ ለእንግዳ የቀረበ እንጀራ አይቆጠርም ብለን ነው።

ወደ ዋጋው ልምጣ። በ2002 ዓ.ም. ስንከፍት ትኬቱ 15 ብር ነበር። ያኔ ማኪያቶ 4 ብር አካባቢ፣ ዶላር ደግሞ 13 ብር ገደማ ነበር። አንድ ትኬት ወደ አራት ማኪያቶ ይመጣል ማለት ነው። ዛሬ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ላይ 150 ብር ይዞ ስንት ሰው ማኪያቶ መጋበዝ እንደሚቻል እናንተው ታውቁታላችሁ። በዶላር ብታስሉትም ያኔ ከአንድ ዶላር ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ ዛሬም እዚያው አንድ ዶላር አካባቢ ነው።

ዶላር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የፕሮጀክተር አምፖል በሰዓት የተወሰነ ዕድሜ አለው። ሰዓቱ ሲያልቅ ሥዕሉ ይደበዝዛል። እናንተም «ፊልሙ ጨለመ» ትሉናላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። ይህ አምፖል አገር ውስጥ አይሠራም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። እኛ ያን ጊዜ ትኬታችን ላይ አንዲት ብር አልጨመርንም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ከፍ ይላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እናስነሳለን፤ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ከጀመረ ጀምሮ የናፍጣው ወጪ አንድ ፊልም እስኪያልቅ ድረስ ያሳስበናል። ቢሆንም መሀል ላይ አቋርጠን «ነገ ኑ» ብለን የሸኘነው ሰው የለም።

ስለ 2015 እና 2016 ብዙ አልጽፍም፤ አብረን ያሳለፍነው ነው። በክልላችን ግጭት የተነሳ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታው ፊልም ቀረ። የሲኒማ ቤት እንጀራ ደግሞ ማታ ነው። ሠራተኞቼን አላሰናበትኩም። ከዚያ በፊትም በ2012 በኮሮና ቤቱ ሲዘጋ አላሰናበትኩም። ትኬት ቆራጫችን ዛሬም ያችው ናት።

«እዚህ አገር ብቻ ነው ሁሉ ነገር የሚጨምረው» ያላችሁን ልጆችም ሰምተናል። እንዲያውስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፒትስበርግ በ1905 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ትንሽ ፊልም ቤት መግቢያው 5 ሳንቲም ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሩ አማካይ የትኬት ዋጋ 9 ዶላር ከ16 ሳንቲም ደርሷል። ገንዘቡ የትም አገር ይረክሳል። የእኛን የሚያከብደው ደመወዛችሁ እኩል አለመጨመሩ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ከአዘዞ የሚመጣ ሰው የባጃጅ ሒሳቡ ከትኬቱ ሊበልጥ እንደሚችልም አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማታውን ፊልም ወደ 11 ሰዓት ያወረድነው፤ በታክሲ እንድትመለሱ።

ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ይዞ በ2008 ሲመጣ ሲኒማ አበቃለት ተባለ። አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ እስኪወጣ እንጠብቃለን ትሉናላችሁ። መጠበቅ መብታችሁ ነው። እኔ ግን የሞላ አዳራሽ አንድ ላይ ሲስቅ ሰምቻለሁ፤ ስልክ ላይ ያ የለም። ጣሊያን ፒያሳን ሲሠራ ሲኒማ ቤትም ሠርቶበታል። ጎንደር ከዚያን ጊዜ ጀምራ ፊልም ተሰብስባ የምታይ ከተማ ናት፤ ይህ ልማድ በእኛ ዘመን እንዲቀር አልፈልግም። አዳራሹን ለዕቃ መጋዘን አከራየው ያለኝ ሰው አለ፤ ከትኬት የተሻለ ኪራይም ያስገኛል። እምቢ ብያለሁ። እምቢ ያልኩት ትመጣላችሁ ብዬ ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ የ8 ሰዓቱ ፊልም የዩኒቨርሲቲም ሆነ የሁለተኛ ደረጃ መታወቂያ ለሚያሳይ ተማሪ በድሮው 100 ብር ይቀጥላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ አባቶችና እናቶች በማንኛውም ቀን በ100 ብር ይገባሉ፤ መታወቂያም አንጠይቅም። ከዋጋው ለውጥ በፊት ትኬት የገዛችሁ ጭማሪ የለባችሁም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ትኬቱን ይዛችሁ ኑ። ፈንዲሻው ባለበት ዋጋ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎም ይምጡ። ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ቦታ ይያዝልዎታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲኒማ ቤታችሁ ባለቤት
ፒያሳ፣ ጎንደር