የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ረግረግ ላይ የተሠራው ምሽግ

መስከረም ላይ ክበባችን አሥራ ስድስት ልጆች ነበሩት። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ያለባቸው አንድ በአንድ ሾለኩና አሥራ አንድ ቀሩ። አልተቀየምኳቸውም። የብርዱን ወራት ክፍል ውስጥ አሳለፍን፤ ለአድዋ በዓልም የግድግዳ ጋዜጣ ሠራን። ዋናው ነገር ግን የግንቦቱ ጉዞ ነው።

ከለንደን በባቡር ግሬቭዘንድ ወረድን። ከዚያ የቴምዝን ወንዝ ዳር ይዘን ወደ ሾርንሚድ ምሽግ በእግር። መንገዱ ላይ የአንዷን ጫማ ጭቃ ዋጠው፤ ለሁለት ቆፍረን አወጣንላት። እኔም ብሆን የእጅ ባትሪ ይዤ ድንጋዩን ረስቻለሁ።

ምሽጉ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ በ1860ዎቹ የተሠራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ፈረንሳይ በብረት የተለበጠ የጦር መርከብ ስትሠራ እንግሊዞች ደነገጡ። የጠቅላይ ሚኒስትር ፓልመርስተን መንግሥትም ምሽግ በምሽግ ላይ ደረደረ። ፈረንሳዮቹ አልመጡም። “የፓልመርስተን ጅልነት” የሚል ስም ብቻ ተረፈ።

ዛሬ የቀረው ወንዙን የሚያየው ጎን ነው። መድፍ ይቆምባቸው የነበሩ የድንጋይ ክፍሎች ተደርድረዋል። ግድግዳው በቀለም ተሞነጫጭሯል፣ ወለሉ ውሃ አቁሯል። ልጆቹ ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት መጮህ ነበር። ከማዶ ኮልሃውስ ምሽግ አለ፤ የጠላት መርከብ ከመጣ ከዚህም ከዚያም እንዲቀጠቅጡት። ልክ ያኔ አንድ የጭነት መርከብ ሲያልፍ ወንዶቹ በመድፉ መስኮት ተጋፍተው “ገባልን!” አሉ።

ድፎ ዳቦ እየቆረስኩ ሳለ አንዱ፣ “ቲቸር፣ ይሄ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?” አለኝ። ይህችን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

ከ1865 ጀምሮ የዚህን አካባቢ ምሽጎች ግንባታ የተቆጣጠረው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ ቻርልስ ጎርደን ነው። የምሽጎቹ አሠራር ራሱን ጎርደንን አላስደሰተውም ነበር ይባላል። እሱ እዚህ ድንጋይ ሲያስከምር፣ የሙያ ባልደረቦቹ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ለመቅደላው ዘመቻ የባቡር ሐዲድ ይዘረጉ ነበር። ሚያዝያ 1868 አጼ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። በ1879 ይኸው ጎርደን ያኔ በግብፅ ሥር የነበረችው የሱዳን ገዢ ሆኖ፣ የግብፅን ጉዳይ ይዞ ደብረ ታቦር አጼ ዮሐንስ ፊት ቀረበ። ስምምነት ሳያገኝ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ እዚሁ እንግሊዝ አገር ሞተ።

“ስንት ዓመቱ ነበር?” አለች ባለ ጫማዋ።

“አሥራ ስምንት።”

“ወንድሜን ያክላል” አለች። ዳቦዋን አስቀመጠች። “የት ነው የተቀበረው?”

ዊንድዘር ቤተ መንግሥት አልኳት። ባቡር ውስጥ እስክንገባ ድረስ ስለ ዊንድዘር ሲጨቀጭቁኝ ነበር፤ ለመጪው ዓመት እሱን መዝግበናል። ወላጆች፣ እዚያ ጭቃ የለም።