ሃፕሎይድ አበባ ከጽጌረዳ ሳይሆን ከፔቱኒያ ይጀመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በግብርና ዓምዳችሁ ስለ ቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ከተክል ቁራጭ በቤተ ሙከራ ተክል ስለማሳደግ የወጣው ጽሑፍ ጠቃሚ ቢሆንም፣ ነገሩን ከሙዝና ከሸንኮራ አገዳ ችግኝ ማባዛት ጋር ብቻ አያይዞት አልፏል። እርሻዎቻችን ለውጭ ገበያ የሚያቀርቡት ጽጌረዳ በአመዛኙ የውጭ አዳቃዮች ያወጡት፣ የባለቤትነት ክፍያም የሚከፈልበት ዝርያ እንደሆነ እየታወቀ፣ ዝርያ ለማውጣት ስለሚረዳው ስለ ሃፕሎይድ ተክል አንዲት መስመር እንኳ አለመጻፉ ቅር አሰኝቶኛል።

ሃፕሎይድ ከወትሮው የክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ውርስን የሚሸከም ክር) ቁጥር ግማሹን ብቻ ይዞ የሚበቅል ተክል ነው። ፔቱኒያ የተባለችው የጌጥ አበባ ክሮሞሶም 14 ሲሆን የሃፕሎይዷ 7 ነው፤ እነዚህ 7ቱ ኮልቺሲን በተባለው ኬሚካል እጥፍ ሲሆኑ ጥንዶቹ ፍጹም አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ፣ አዳቃዩ ተክሉን ከራሱ ጋር ለበርካታ ትውልድ እያዳቀለ የሚደርስበትን ንጹሕ ዘር በአንድ ትውልድ ያገኘዋል። ሃፕሎይዱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ መካንና ደቃቃ ስለሆነ ለገበያ አይታሰብም፤ የሚፈለገው ለዲቃላ ዘር ወላጅ የሚሆነው እጥፉ ነው።

ዘዴው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ጉሃና ማህሽዋሪ የተባሉ የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳቱራ ኢኖክሲያ ከተባለ ተክል አንተር፣ ማለትም ግማሹን ክሮሞሶም ብቻ የያዘው የአበባ ብናኝ ካለበት ከረጢት፣ ሃፕሎይድ ጽንስ አገኙ። ይህ ተክል እዚህ ጎንደር በየአጥሩ ሥር እየነቀልን የምንጥለው የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው! በሥራው ላይ ዋናው ቁም ነገር ጊዜውን ማወቅ ነው። እምቡጡ ሳይፈካ ተቆርጦ፣ ከአንተሮቹ አንዱ በማቅለሚያ ተጨፍልቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ብናኙ ገና አንድ ኒውክሊየስ (የሴል እምብርት) ይዞ ለመጀመሪያው ክፍፍል የተቃረበ ከሆነ፣ በአልኮልና በተበረዘ በረኪና ከጸዳው እምቡጥ የተቀሩት አንተሮች ወጥተው ስኳርና አጋር የተባለ ማርጊያ ባለው ንጹሕ ምግብ ላይ ይቀመጣሉ። ካለፈበት ብናኙ ስታርች ማከማቸት ይጀምርና ከዚያ በኋላ ተክል የመሆን ዕድሉ የመነመነ ነው።

ጽጌረዳን ለጀማሪ የማልመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። የእርሻ ጽጌረዳ በአብዛኛው አራት የክሮሞሶም ስብስብ፣ በድምሩ 28 ስላለው ግማሹም ቢገኝ 14 ነውና እውነተኛ ነጠላ አይሆንም፤ ውጤት የተገኘበትም መንገድ በአንተር ሳይሆን በጨረር በተመታ ብናኝ አዳቅሎ ጽንሱን በማትረፍ ነው። ጀርቤራ የተባለችው አበባ ሃፕሎይድም ከብናኟ ይልቅ ካልዳቀለ እንቁላሏ ነው የሚገኘው። ፔቱኒያ ግን በዘር በቀላሉ የምትበቅልና በአንተር የተሞከረች ስለሆነች፣ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮቴክኖሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ትመቻለች።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከአንተሩ ግድግዳ ሴሎችም ችግኝ ስለሚወጣና ይህም ሙሉ ክሮሞሶም ያለው ተራ ተክል ስለሆነ፣ የእያንዳንዱ ችግኝ የሥር ጫፍ ተወስዶ ክሮሞሶሙ መቆጠር አለበት። ሳይቆጠር ሃፕሎይድ ነው ተብሎ የሚቀርብላችሁን ውጤት ግን ባታትሙት እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከጎንደር