ከብርቱካን መጣ ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ቡሬ ሆኜ አነበብኩት። ከብርቱካን ልጣጭ ስለሚሠራው ማጣፈጫ ግን አንድ መስመር ብቻ ጽፋችሁ አለፋችሁ። በእኛ ቤት በዚሁ የተነሳ የደረሰ ነገር ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። ባለፈው ክረምት አንድ ባለሱቅ በውኃ የሚበጠበጥ የመጠጥ ዱቄት ሸጠላት። "ከብርቱካን በወጣ ማጣፈጫ የተሠራ ነው፣ ስኳር ላለበት ሰው ይሆናል" አላት። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ ትጠጣለች። በአራተኛው ቀን ጣቷን ወግተን ስንለካት 310 አለ። ከዚያ በፊት ከ160 ብዙም አልፎ አያውቅም። ክው ነው ያልኩት።

ማሸጊያውን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ፊደሉ ጤፍ ነው የሚያክለው። "ኢ959" የሚል አገኘሁ። የብርቱካኑ ማጣፈጫ መለያ ቁጥር ይኼ ነው፤ ሙሉ ስሙ ኒዮሄስፐሪዲን ዳይሃይድሮቻልኮን ይባላል። እስከዚህ ባለሱቁ አልዋሸም። ግን የዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ስኳር ነው። ዝርዝሩ ደግሞ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው።

ነገሩን ሳጣራ የገባኝን ልንገራችሁ። ይህ ማጣፈጫ የተገኘው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚፈልጉት ማጣፈጫ አልነበረም፤ የብርቱካንና የመሰሎቹ ምሬት ከየት እንደሚመጣ ነበር የሚያጠኑት። ከመራራው ብርቱካን ልጣጭ የሚወጣውን መራራ ነገር በኃይለኛ አልካሊ፣ ቀጥሎም በሃይድሮጅን ሲለውጡት ጣፋጭ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልጣጭ ቀቅሎ መጠጣት እዚህ አያደርስም። ይህን የምለው ጎረቤቶቻችን "ለስኳር ነው" እያሉ ልጣጭ ሲቀቅሉ ስለማይ ነው። የሚያገኙት መራራ ውኃ ነው። መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ነው የምፈራው።

ጣፋጭነቱ በጣም ኃይለኛ ነው። በጥቂቱ ሲቀመስ ከስኳር 1,500 ጊዜና ከዚያም በላይ ይጣፍጣል። ጣዕሙ ዘግይቶ ይመጣና አፍ ላይ ይቆያል። እናቴም "ከዋጥኩት በኋላ ነው የሚጣፍጠኝ" ስትል ነበር። ምሬትንም ስለሚሸፍን መድኃኒት ውስጥ ይገባል። ልጅ ሆነን ኮሶ አፍንጫችንን ተይዘን ለጠጣን ሰዎች ይኼ ቀላል ነገር አይደለም! እንግዲህ አስቡት፤ ይህን ያህል የሚጣፍጥ ነገር ለአንድ ብርጭቆ የሚያስፈልገው ሚሊግራም ነው። ታዲያ ከረጢቱን የሞላው ዱቄት ምንድን ነው? መጠየቅ ያለበት ይኼ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ "ኬሚካል ነው፣ ይገድላል" እያለ ያስፈራራል። እሱም ልክ አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት በማጣፈጫነት የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1994 ነው። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2022 እንደገና መርምሮ፣ ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ 20 ሚሊግራም ቢወስድ እንደማያሰጋ ወስኗል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1,200 ሚሊግራም ማለት ነው። እዚያ ለለስላሳ መጠጥ የተቀመጠው ጣሪያ በሊትር 30 ሚሊግራም ስለሆነ፣ እዚህ ልክ ለመድረስ በቀን 40 ሊትር መጠጣት ሊኖርበት ነው። እናቴን የጎዳት እሱ አይደለም። አብሮት የነበረው ስኳር ነው።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ማር እንወዳለን። "ማር ተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል" ብሎ በማንኪያ የሚልስ የስኳር ሕመምተኛ አውቃለሁ። ማሩ ግን የደሙን ስኳር ከፍ ያደርገዋል። ፋብሪካ ውስጥ የተሠራው ኢ959 ብቻውን ቢሆን አያደርገውም። "ተፈጥሮ" የምትለዋን ቃል ሰምተን ብቻ የምንገዛ ከሆነ እንዲህ እንሳሳታለን።

እባካችሁ አንድ ገጽ ስጡት። የአንድ ማሸጊያ ጀርባ ፎቶ አንሥታችሁ፣ መስመር በመስመር በአማርኛ ተርጉማችሁ፣ እናቴ ያለ መነጽር ልታነበው በምትችለው ፊደል አውጡልን። ቆርጬ ከኩሽናው በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም