ጉዳዩ፦ «ግራፊክስ ካርድዎን ይቀይሩ» ስለተባልሁበት የሼዲንግ (የብርሃንና የጥላ አሳሳል) ብልሽት

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

የቅሬታዬ ታሪክ መዝገባችሁ ላይ ስላለ ከሥሩ አልጀምርም። ባጭሩ፣ በ3D ፕሮግራማችሁ ከሦስት ማዕዘኖች የሠራሁትን የፊት ሞዴል አንዱን ግማሽ በሚረር ትእዛዝ (እንደ መስታወት አገላብጦ በሚደግመው) ወደ ግራ ሳወጣው ግራው ግማሽ ይጠቁራል። ይህን የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ በስልክ ስለተነገረኝ ነገር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ደውላችሁ መፍትሔውን እንደምትነግሩኝ በጽሑፍ ቃል ገብታችሁልኝ ነበር። እስከ ከሰዓት ጠብቄ የሚደውል ሲጠፋ ራሴ ደወልሁ። ያነሱት ባለሙያ ፋይሌን ገና እንዳልከፈቱት ነገሩኝ፤ ሳይከፍቱትም «የፊቱ ግራ ግማሽ የሚጠቁረው ግራፊክስ ካርድዎ አርጅቶ ነው፤ ይቀይሩት» አሉኝ። በሌላ ኮምፒውተርም ያው መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያው ሦስት ማዕዘኖቹን ያብዙ» አሉ። ኖርማሎቹ (እያንዳንዱ ገጽ ወዴት እንደሚያይ የሚነግሩት አቅጣጫዎች) መገልበጣቸውን ላስረዳ ስጀምር አቋርጠውኝ «ፕሮግራሙን የሠሩት ከእርስዎ የተሻለ ያውቃሉ» ብለው ዘጉት።

በጣም አዝኛለሁ። የላክሁላችሁን ማስረጃ ለማየት ግራፊክስ ካርድ ቀርቶ ኮምፒውተርም አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። አንድ ሦስት ማዕዘን ነው። ነጥቦቹ በቅደም ተከተል (0,0,0)፣ (1,0,0) እና (0,1,0) ናቸው። ከመጀመሪያው ነጥብ የሚነሱት የሁለቱ ጠርዞች ክሮስ ፕሮዳክት፣ ማለትም ለሁለቱም ቀጥ ብሎ የሚቆመውን አቅጣጫ የሚሰጠው ብዜት፣ (0,0,1) ስለሆነ ኖርማሉ ወደ ተመልካቹ ያያል። በእናንተ ሚረር ትእዛዝ ወደ ግራ ሳዞረው ሁለተኛው ነጥብ (-1,0,0) ይሆናል፤ የነጥቦቹ ተራ ግን እንደነበረ ይቀራል። ስሌቱ አሁን (0,0,-1) ነው። ገጹ ለብርሃኑ ጀርባውን ሰጥቷል፤ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። ከሚረሩ በኋላ የሁለት ነጥቦችን ተራ ማቀያየር ብቻ ነበር የሚጠበቅባችሁ። ሦስት ማዕዘን ባበዛ የተገለበጡት ይበዛሉ እንጂ አይቃኑም።

ከዚያ በፊት «ሁለቱንም ፊት አሳይ» የሚለውን (የገጹን ጀርባም እንደ ፊቱ የሚያሳየውን) ምርጫ እንዳበራ ተመክሬ ነበር። አበራሁት። እኔ ስክሪን ላይ ጥቁረቱ ጠፋ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ስህተት ግን አልተነካምና ሥራውን የተቀበሉኝ ሰዎች ሲከፍቱት ተመልሶ መጣ። ያፈርሁት እኔ ነኝ።

ካነሳሁት አይቀር፣ አፍንጫው መካከል ላይ የሚታየው መስመርም አለ። ሁለቱ ግማሾች መጋጠሚያው ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ሁለት ነጥብ ስላላቸው ኖርማላቸው ለየብቻ ይሰላል፤ መስመሩም ከዚህ ይመጣል። «ነጥቦችን አዋህድ» የሚለው ትእዛዝ ተሳክቷል ይለኛል፤ የነጥቦቹ ቁጥር ግን በአንድም አይቀንስም። ስፋት የሌላቸው ሦስት ማዕዘኖች ስለሚያመጡት ጥቁር ነጠብጣብ ከጻፍሁም ቆየሁ፤ ያ ቲኬት (የቅሬታ መዝገብ) እኔ ሳልጠየቅ «ተፈትቷል» ተብሎ ተዘጋ። የነጠብጣቡን ያንኑ ስክሪንሾት ደግሞ አራት ጊዜ ልኬያለሁ።

ስጀምር የፈለግሁት እርማቱን ብቻ ነበር። አሁን ግን ስህተቱ የፕሮግራሙ መሆኑን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ፣ ስልክ የዘጉብኝ ባለሙያ የቅርብ ኃላፊ እንዲደውሉልኝ፣ ሚረሩ ከተበላሸበት ዕለት ጀምሮ የከፈልሁትም እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። እስከ መጪው ሐሙስ መልስ ካላገኘሁ ውሌን አቋርጬ የዓመቱን ክፍያ በሙሉ እጠይቃለሁ።

እስከዚያው ገጾቹን እየመረጥሁ በእጄ እገለብጣለሁ። ትናንት ሌሊት ጉንጩን ጨርሼ ጆሮው ላይ ደርሻለሁ። እባካችሁ፣ ፋይሉን ክፈቱት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ