የአውስትራሊያን መጻሕፍት በሽልማት ተራ አታስነብቡን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ስለ አውስትራሊያ ሥነ ጽሑፍ በአማርኛ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው የተሸላሚዎች ዝርዝር ነው፦ ኖቤል በ1973፣ ቡከር የተባለው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሽልማት በ1982፣ በ1988፣ በ2001፣ በ2014 እያለ ይወርዳል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዝርዝሩ ሐሰት የለበትም። አንባቢው ግን ያንን ይዞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚያነሣው የኖቤል ተሸላሚውን የፓትሪክ ዋይትን «ቮስ» ነው፤ ሃምሳ ገጽ ሳይዘልቅ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የአውስትራሊያ መጽሐፍ አይነካም። ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። እነዚህን ደራስያን ለሚወድ ሰው ይህ ያንገበግባል፤ ስለዚህ ሌላ ቅደም ተከተል እንድታስቡበት እጽፋለሁ።

«ቮስ» በ1957 የወጣ ልብ ወለድ ነው። አንድ ጀርመናዊ አሳሽ በ1845 አህጉሪቱን ለማቋረጥ ይነሣል፤ የታሪኩ መነሻ በ1848 ከነጓዶቹ ደብዛው የጠፋው ሉድቪግ ላይክሃርት ነው። የሚያስቸግረው ታሪኩ አይደለም። ዋይት ዐረፍተ ነገርን ሆን ብሎ ይሰብራል፤ በዚያ ላይ በረሃ የገባው ቮስና ሲድኒ የቀረችው ላውራ ደብዳቤ በማይደርስበት ርቀት በሐሳብ ይነጋገራሉ፤ ደራሲው ግን ይህ ሕልም ነው፣ ይህ እውን ነው ብሎ አይለይም። ከዋይት መጀመር የፈለገ ሰው በ1955 የታተመውን «ዘ ትሪ ኦፍ ማን» ይያዝ። ስታንና ኤሚ ፓርከር የሚባሉ ባልና ሚስት ዱር መንጥረው ጎጆ ይቀልሳሉ፤ ላም ያልባሉ፤ ጎርፍ ይመጣል፤ ሰደድ እሳት ይመጣል፤ ልጆች ያድጋሉ፤ አንዱ ይበላሻል። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ሆኖም ታሪኩ በዘመን ቅደም ተከተል ስለሚሄድ አንባቢው አይጠፋበትም።

ማንኛውንም የአውስትራሊያ መጽሐፍ ከመጀመር በፊት የታተመበትን ዓመት ማየት ይጠቅማል። እንግሊዞች በ1788 በ11 መርከቦች ሲመጡ ምድሪቱን ባለቤት እንደሌላት ቆጠሯት። ይህ አስተሳሰብ በሕግ የፈረሰው የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጁን 3 ቀን 1992 በማቦ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊት ነጮች በጻፏቸው ብዙ መጻሕፍት ዱሩ ባዶ፣ ዝምተኛ፣ ሰው የሚውጥ ነው። «ቮስ» እንዲህ ነው፤ በ1967 የወጣው የጆአን ሊንዚ «ፒክኒክ አት ሃንጊንግ ሮክ»ም እንዲሁ። (የሊንዚን ታሪክ እውነተኛ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ አይደለም። ተማሪዎቹ የጠፉበት ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1900 በመጽሐፉ ቅዳሜ ነው፤ በቀን መቁጠሪያ ግን ረቡዕ ነበር።) የአህጉሪቱ ነባር ሕዝቦች ቀድሞም ይጽፉ ነበር፤ ኡጅሩ ኑኑካል የመጀመሪያ የግጥም መድበሏን ያሳተመችው በ1964 ነው። የመጻሕፍት መደብሮች ግንባር መደርደሪያ ላይ መጽሐፎቻቸው በብዛት የወጡት ግን ከማቦ በኋላ ነው።

ቀጥለው የሚያሰናክሉት ቃላት ናቸው፤ የሚያሰናክሉትም ቀላል የሚመስሉት ናቸው። «ስቴሽን» የባቡር ጣቢያ ላይሆን ይችላል፤ በገጠር ታሪክ ውስጥ ብዙ ሺህ ከብት ወይም በግ የሚረባበት ሰፊ ይዞታ ነው። «ሞብ» ሁከተኛ ሕዝብ ሳይሆን መንጋ ነው፤ ነባሮቹ አቦርጂናሎች ሲናገሩት ደግሞ ወገንና ዘመድ ማለት ነው። «ቲ» ብዙ ጊዜ ራት ነው። ገና በሙቀት፣ በዝንብና በሰደድ እሳት ወቅት ይውላል። «ዳም» ደግሞ ገበሬ ለከብቱ ያስቆፈረው ኩሬ ነው። ይህን የመጨረሻውን ያልለየ ሰው በ2014 የወጣውን የሄለን ጋርነርን «ዚስ ሃውስ ኦፍ ግሪፍ» አያገኘውም። መጽሐፉ በ2005 የአባቶች ቀን ዕለት አንድ አባት ሦስት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ሲሄድ መኪናው «ዳም» ውስጥ ገብቶ ልጆቹ የሞቱበትን የግድያ ክስ ችሎት ይከታተላል። ቃሉን «ግድብ» ብሎ የሚያነብ ቆቃን ወይም ተከዜን ያስባል፤ የባለሙያዎቹ ክርክር ግን መንገድ ዳር ስላለ ኩሬ፣ ሣር ላይ ስለቀረ የጎማ ዱካና ስለ መሪው አያያዝ ነው።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ለሆነ አንባቢ ከጋርነር የተሻለ መግቢያ የለም። ዐረፍተ ነገሯ አጭር ነው፤ የምታየውን ትጽፋለች፤ ያልገባትን አልገባኝም ትላለች። ወንጀል ነክ ልብ ወለድ የሚወድ ደግሞ የጄን ሃርፐርን «ዘ ድራይ» (2016) ይሞክር፤ ዝናብ የጠፋባት አንዲት የገጠር ከተማ፣ ዕዳና ጥርጣሬ። በሁለት ሦስት ቀን የሚያልቅ ነው። የቲም ዊንተን «ክላውድስትሪት» (1991) ግን ለመጀመሪያ አይሆንም፤ ንግግርን በትእምርተ ጥቅስ አይለይም፤ የፐርዝ ሠፈርተኛ አነጋገርም ሞልቶበታል። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይረዳል፤ ተናጋሪው በጆሮ ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ነባር ሕዝቦቹ በእንግሊዝኛ «ካንትሪ» ሲሉ መንግሥትና ድንበር ማለታቸው አይደለም፤ መሬቱ፣ ውኃው፣ እንስሳው፣ የአያት መንፈስና ሕጉ በአንድነት ነው። ካንትሪ ይታመማል፤ ይናገራል፤ ሰውን ያውቃል። እንግሊዞች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ ያስፈልጋቸዋል። የአማርኛ አንባቢ ግን «አገሬ» ሲል አገረ መንግሥቱንም፣ እትብቱ የተቀበረበትንም መንደር ያውቃል፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ እንኳ «አገር ቤት» ሲል የት እንደሆነ አይጠፋውም። «ርስት»ም አለን፤ በአጥንት የሚወረድ መሬት። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም፤ በተለይ ርስት፣ ሰው መሬቱን የያዘበት ቃል ስለሆነ፣ እዚያ ደግሞ መሬቱ ነው ሰውን የሚይዘው። ተርጓሚ ቢጠይቀኝ «አገር»ን ውሰድ፣ ርስትን ለፍርድ ቤት ክርክር አቆይ እላለሁ።

ይህን ይዞ ዋንዪ ከተባለው ነባር ሕዝብ የተወለደችውን አሌክሲስ ራይትን ማንበብ ይቻላል። «ካርፔንታሪያ» ብዙ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ ጂራሞንዶ የተባለ አነስተኛ ማተሚያ በ2006 አወጣው፤ በማግስቱ ዓመት የማይልስ ፍራንክሊን ሽልማትን ወሰደ። የሚጀምረው ምድሪቱን እየተጠማዘዘ ከቀረጸው እባብ ነው፤ ከዚያ ዴስፐራንስ ወደምትባል ልብ ወለድ ከተማ፣ ወደ ኖርማል ፋንተምና ወደ ልጁ ወደ ዊል ይወርዳል። ሰዎች የሚያቆሙት የዘመን ቅደም ተከተል ሲፈልጉ ነው። አይገኝም። አዛውንት እሳት ዳር ተቀምጠው ሲተርኩ ወሬ እንደሚቀጥሉት፣ ወደ ኋላ ተመልሰው «ያን ቀን እንኳ» እንደሚሉት ነው የተጻፈው፤ በአንድ ቁጭታ አንድ ምዕራፍ መጨረስ፣ ስሞችን በወረቀት ማስፈር በቂ ነው። በ2023 የወጣው «ፕሬይዝዎርዚ» ከ700 ገጽ ያልፋል፤ በ2024 የስቴላንም የማይልስ ፍራንክሊንንም ሽልማት አገኘ። ዋናው ሰውዬ ዓለም ነዳጅ ባቆመ ጊዜ ጭነት የሚያመላልሱ አህዮችን በዱር እየያዘ ማከማቸት ነው ሥራው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይማረርበታል። ከዓለም ብዙ አህያ ያለባት አገር አንባቢ ይህን መጽሐፍ ከሜልበርን ሐያሲ ይልቅ በቅርብ ያየዋል፤ የአህያን ግትርነት፣ ጠረንና ጥቅም ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። በእኔ ሚዛን ከሁሉም የሚልቀው ይህ ነው፤ ሆኖም ከ«ካርፔንታሪያ» በፊት አይነበብ።

የዶሪስ ፒልኪንግተን ጋሪማራ «ፎሎው ዘ ራቢት ፕሩፍ ፌንስ» (1996) ቀጭን ነው። ከእናቶቻቸው የተነጠቁ ሦስት ልጃገረዶች በ1931 ከሙር ሪቨር ሰፈራ አምልጠው የጥንቸል መከላከያውን አጥር እየተከተሉ ወደ ቤታቸው ወደ ጂጋሎንግ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ይጓዛሉ፤ አንዷ መንገድ ላይ ትያዛለች። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ሰው መጽሐፉ ይቀዘቅዘዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የቅኝ ግዛት ታሪክ ስለሆኑ። ከጂጋሎንግ ምዕራፍ ጀምሮ ሲያበቁ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል። ከሦስቱ አንዷ ሞሊ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተወስዳ እንደገና በእግሯ ተመልሳለች፤ ያን ጊዜ አንዷን ሴት ልጇን ተሸክማ ሌላዋን እዚያው ትታ ሄደች። የተተወችው ልጅ የመጽሐፉ ደራሲ ናት።

የብሩስ ፓስኮን «ዳርክ ኢሙ» (2014) ለብቻው አታስነብቡ። ፓስኮ ከጥንት አሳሾች ማስታወሻ እየጠቀሰ ነባር ሕዝቦቹ እህል ያጭዱ፣ ያከማቹ፣ የዓሣ ወጥመድ በድንጋይ ይሠሩ እንደነበር ይከራከራል። አንትሮፖሎጂስቱ ፒተር ሰተንና አርኪዮሎጂስቷ ኬሪን ዋልሽ በ2021 ባወጡት መልስ ማስረጃውን ከልኩ በላይ ለጥጦታል፣ በአደን የሚኖር ሕዝብ ለመከበር ገበሬ መባል አያስፈልገውም ብለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ነው። በእኛም አገር የአርብቶ አደር መሬት ስላልታረሰ ብቻ «ባዶ» ሲባል ኖሯል፤ የሰተንና የዋልሽ ነጥብ ለዚያ ክርክር ይጠቅማል።

ለመተርጐም የሚመች መጽሐፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ የፒተር ኬሪን «ትሩ ሂስትሪ ኦፍ ዘ ኬሊ ጋንግ» (2000) እጠቁማለሁ፤ ከባድ ነው፣ ነገር ግን አማርኛ ያዘጋጀለት ነገር አለ። ኔድ ኬሊ ኖቬምበር 11 ቀን 1880 ሜልበርን እስር ቤት የተሰቀለ «ቡሽሬንጀር» ነው፤ ተበድሎ ዱር የገባን ሰው «ሽፍታ» የሚለው ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ይገልጸዋል። መጽሐፉ በ13 ጥቅል ወረቀት ተከፍሎ ለሴት ልጁ የጻፈው ሆኖ ይቀርባል፤ ልጅቷ የደራሲው ፈጠራ ናት። ነጠላ ሠረዝ የለውም። አማርኛ በቦዝ አንቀጽ ተነሥቶ ሄዶ ተኩሶ ተመልሶ እያለ ግማሽ ገጽ መጓዝ ስለሚችል ይህ አይጨንቅም። የሚያሠጉት ሁለት ናቸው። ኬሊን የአንድ አካባቢ ዘዬ ማናገር ጎጃሜ ወይም ወሎዬ ያደርገዋል፤ የተሻለው ያልተማረ ሰው የጻፈው ክስ የሚመስል ለዛ ነው። ሁለተኛው፣ ልጁ ስለምታነበው ስድብ በመጣ ቁጥር በቦታው «ቅጽል» የሚለውን የሰዋስው ቃል ይተካል፤ በአማርኛ ቃል በቃል ቢገለበጥ የሞተ ነው፣ «እንትን» ግን ይሠራል።

ከሪቻርድ ፍላናገን «ዘ ናሮው ሮድ ቱ ዘ ዲፕ ኖርዝ» (2013) የምወደው መካከሉን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች ምርኮኞችን ባሠሩበት በበርማ የባቡር መስመር ላይ የአንድ ቀን ውሎ። የፍቅሩ ክፍል ደካማ ነው። መታሰቢያነቱ «ለእስረኛ 335» የተባለው የደራሲው አባት የምርኮ ቁጥር ስለሆነ ነው። የኩርዱ ቤህሩዝ ቡቻኒ «ኖ ፍሬንድ በት ዘ ማውንቴንስ» (2018) አውስትራሊያ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ባገተችበት በፓፑዋ ኒው ጊኒ ማኑስ ደሴት ታግቶ ሳለ በፋርስ ቋንቋ በስልክ መልእክት እየቆራረጠ የላከው ነው፤ ኦሚድ ቶፊጊያን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጀልባው ላይ ያለው ክፍል የባሕር ስደት ላለፈ ሰው ከባድ ስለሆነ ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ ያሻል። እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆች ደግሞ የሾን ታን «ዘ አራይቫል» (2006) አለ፤ ሙሉ ታሪኩ ያለ ቃል በሥዕል ብቻ ነው። በሥዕሎቹ ውስጥ ያለው ፊደል እንኳ የተፈጠረ ስለሆነ አንባቢውም እንደ ስደተኛው ምልክት ሁሉ ይጠፋበታል።

በጋዜጣችሁ የምትጀምሩት ግን ከሁሉ በአጭሩ ይሁን፦ የሄንሪ ሎውሰን «ዘ ድሮቨርስ ዋይፍ»፣ 1892። ደራሲው በ1922 ስለሞተ የቅጂ መብቱ አብቅቷል፤ በፕሮጀክት ጉተንበርግ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ በሁለት እትም ተከፍሎ ሊወጣ ይችላል። በግ ነጂ ባሏ የራቀባት ሴት፣ አራት ልጆች፣ አሊጌተር የተባለ ውሻ፣ ወለል ሥር የገባ እባብና እንቅልፍ አልባ ሌሊት ነው። ተርጓሚው «ቡሽ»ን «ጫካ» ቢለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስላል፤ የሎውሰን ሜዳ ላይ የተበተኑ የቀጨጩ ዛፎች ናቸው፣ «ዱር» ይሻላል። እንጨቱን ውስጡ ባዶ አድርጎ ስለ ከመረው አቦርጂናል የተነገረውን የንቀት ቃል ደግሞ እንዳያለሳልሰው፤ የ1892 ሰው እንዴት እንደሚያይ የሚታየው እዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ሜልበርን